አተርፍ ባይ አጉዳይ፦ «ርካሽ አገር» ፍለጋና የእኛ ዝምታ

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጡ። በአንድ እጃቸው ዝናብ ያራሰውን ኮፍያ፣ በሌላው የልጃቸው ወረቀቶች የታጨቁበትን የፕላስቲክ ፋይል ይዘዋል። ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው፣ ሻይ ላስመጣልዎ ስላቸው «ይቆየን» ብለው፣ የመጡበትን ጉዳይ በአንዲት ጥያቄ አስቀመጡት። «ዶክተር፣ እርስዎ ውጭ ተምረው የመጡ ሰው ነዎት። ለትምህርት የሚረክሰው የትኛው አገር ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከፋይሉ የወጡት ወረቀቶች ግን ቀላል አልነበሩም። የሦስት የተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ሦስቱም የመጡት በአንድ ኤጀንሲ በኩል ነው፤ ሦስቱም ላይ «ልዩ ቅናሽ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ከወረቀቶቹ ጀርባ ደግሞ ስድስት ነፍስ የምታስተዳድር አንዲት ሚኒባስ አለች። ገዥ ተገኝቶላት፣ ቀብድ ለመቀበል የቀራቸው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ የዚያን ዕለት ለእኚህ አባት ተገቢውን መልስ አልሰጠኋቸውም። «ላስብበትና እደውልልዎታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እኚህ ሰው ሚኒባስ ሲገዙ ሞተሩን አስከፍተው፣ መካኒክ ይዘው ሄደው፣ ሊብሬውን መርምረው እንደገዙ አልጠራጠርም። የልጃቸውን ዕድሜና የቤተሰባቸውን እንጀራ የሚያስይዙበትን ውሳኔ ግን የሚያስመረምሩበት አንድም ቦታ በዚህ አገር የለም። ያለው ደላላ ብቻ ነው። ደላላው ደግሞ «ርካሽ» የሚል ቃል ይዞ በየአደባባዩ ቆሟል። ይህ ጽሑፍ ለእኚያ አባት በጊዜው ያልሰጠሁት መልስ ነው፤ ጥያቄው መልስ አልባ ሆኖ እንዲቆይ ባደረግነው ወገኖች ላይ የቀረበ ክስም ነው። ከተከሳሾቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ጥያቄው ከየት መጣ?

በቅድሚያ ወላጆችን እንደ ሞኝ የሚያይ አነጋገር ከመካከላችን ይወገድ። «ሰዉ ውጭ ውጭ የሚለው ለታይታ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለታይታ የሚልክ አይጠፋም። ነገር ግን ቁጥሮቹን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ኩረጃ መቅረቱን ከልቤ እደግፋለሁ፤ በኩረጃ የተሞላ ክፍል ማስተማር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና። ሆኖም ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት «አልቻላችሁም» የተባሉበት አገር፣ ልጆቹን አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረውን ሥርዓት ሳይጠይቅ ወላጅን «ለምን ሌላ በር ታንኳኳለህ?» ብሎ የመውቀስ ሞራል የለውም። በዚህ ላይ በየአካባቢው ያለውን ጦርነትና አለመረጋጋት ጨምሩበት። ልጇ የተመደበበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ስትሰማ የምትደነግጥ እናት ታይታ አያሳስባትም።

ስለዚህ መፈለጉ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያለው ፍለጋው በአንድ ቃል፣ «ርካሽ» በሚለው ቃል፣ እንዲመራ መደረጉ ነው።

የብሩ ሒሳብ

የትምህርት ርካሽነት የሚለካው በሚከፈለው ዶላር ወይም ዩሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ቀላል በሆነ ነበር። እኛ ግን የምናገኘው ብር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 10,000 ዶላር ማለት 570 ሺሕ ብር ነበር። መንግሥት በዚያው ወር የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያው 10,000 ዶላር ከ1.3 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የተማሪው አባት ሸክም ግን ከእጥፍ በላይ ከበደ።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተግባራዊ ይሆናል ተብሎ በታወጀው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ይህ ሠራተኛ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ግብር ሳይከፍል ቢያጠራቅም፣ 1.3 ሚሊዮን ብር ለመሙላት ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አራት ዓመት የሚወስድ ትምህርት የአንደኛውን ዓመት ክፍያ ብቻ ቆጥሮ የሚጀምር ቤተሰብ፣ የቀሩትን ሦስት ዓመታት በማያውቀው ምንዛሪ እየተወራረደ ነው። ሚኒባሷ ለአንደኛው ዓመት ትሸጣለች። ለሁለተኛውስ ምን ይሸጣል?

«ነጻ» የሚባሉት አገሮች

ደላላው በቅድሚያ የሚጠራው ስም ጀርመን ነው። «ጀርመን ትምህርት በነጻ ነው» ይላል። ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱን ግን ከወገቡ ቆርጦታል። በአብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ በየሴሚስተሩ የሚከፈል መጠነኛ መዋጮ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ በጀመረው ሴሚስተር ለእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ክፍያ ጀምሯል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ይደርሳል።

ዋናው ጉዳይ ግን እርሱ አይደለም። የጀርመን ኤምባሲ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት ተማሪው ራሱን ችሎ መኖር እንደሚችል ማስረጃ ይጠይቃል። የተለመደው መንገድ «ብሎክድ አካውንት» የሚባለው ዝግ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ የተጠየቀው ገንዘብ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህ ገንዘብ ተማሪው ከመሄዱ አስቀድሞ በአንድ ጊዜ መግባት አለበት። የባንክ ወረፋ አልደርስ ሲል ወደ ጥቁር ገበያ የሚኬደው ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱ ነጻ ነው፤ ደጃፉ ላይ ግን ከ11,000 ዩሮ በላይ ይዘህ ቁም ተብለሃል።

ይህም ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ይዞ ወደ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መግባት የተለመደ አይደለም። «ሽቱዲየንኮሌግ» በሚባለው የመሰናዶ ትምህርት ማለፍን ወይም አስቀድሞ እዚህ ዩኒቨርሲቲ መማርን ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱም በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። እንግዲህ የቋንቋው ዓመት፣ የመሰናዶው ዓመት፣ የዝግ ሒሳቡ ገንዘብ ሁሉ ሲደመር «ነጻ» የሚለው ቃል የት ገባ? ጀርመንን ለማጥላላት አይደለም። ለተዘጋጀ ተማሪ፣ በተለይም ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዓለም መልካም ዕድሎች አንዱ ይመስለኛል። ላልተዘጋጀ ተማሪ ግን ከነጻው ትምህርት ይልቅ ያልተነገረው ወጪ ይበልጣል።

ወደ ሰሜን ከፍ እንበል። እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ መናገር ግዴታዬ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ኖርዌይ ውስጥ፣ «ኮታ» በሚባለው ፕሮግራም ነበር። የትምህርት ክፍያ አልነበረም። ለመኖሪያ የሚሰጠን ገንዘብ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር ሲሆን፣ አገሩ ተመልሶ ለሚኖር ተማሪ ብድሩ ይሰረዝ ነበር። እኔም ተመለስኩ፤ ብድሩም ተሰረዘ። አባቴ ለውጭ ትምህርቴ የሸጠው አንድም ነገር የለም። ዛሬ ያ ፕሮግራም የለም። የአውሮፓ ሰሜን በሮችም አንድ በአንድ ዋጋ ተለጥፎባቸዋል፤ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ በመጨረሻም ኖርዌይ በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ማስከፈል ጀመሩ። ይህን የምለው አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተማረ አጎት «እኔ በነጻ ነው የተማርኩት፣ አንተም ሂድ» ሲል የሚናገረው ስለጠፋ አገር ነው። ምክራችን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሆኗል።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች በዓመት 2,770 ዩሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ 3,770 ዩሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትወስን፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ሥልጣን ተማሪዎቻቸውን ከጭማሪው ነጻ አደረጉ። ስለዚህ ፈረንሳይን በተመለከተ መጠየቅ ያለበት «አገሩ ስንት ያስከፍላል?» ሳይሆን «ይህ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ነጻ ያደርጋል ወይ?» ነው። ጣሊያን ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን ክፍያ በቤተሰብ ገቢ ልክ ታሰላለች፤ ክፍለ ሀገሮቿም አነስተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች ድጎማ ይሰጣሉ። ለኢትዮጵያዊ ደመወዝተኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዜና ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን የቤተሰብ ገቢና ንብረት ማስረጃው ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ፣ በጊዜው መቅረብ አለበት። የተወሰነውን የትምህርት ነጥብ በወቅቱ ያላሟላ ተማሪ ድጎማውን ሊነጠቅ፣ የተቀበለውንም መልስ ሊባል ይችላል። ይህን ሁሉ ደላላው አይነግራችሁም። ምክንያቱም ከጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮሚሽን አያገኝም።

ደላላው የሚኖረው በምንድን ነው?

እዚህ ላይ ነገሩ ይጠራል። ኤጀንሲዎች ተማሪ በላኩ ቁጥር ከሚልኩበት የግል ተቋም ድርሻ የሚከፈላቸው መሆኑ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የንግድ አሠራር ነው። አሠራሩ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ሰው ራሱን የወላጅ አማካሪ አድርጎ ሲያቀርብና ከወላጅም ሲቀበል ነው። የሻጩ ሠራተኛ የገዥው መካኒክ ሊሆን አይችልም። በዚህ ምክንያት «ርካሽ አገር» በሚለው ዝርዝር ላይ የሚወጡት አገሮች ለተማሪው የሚረክሱት ሳይሆኑ ለደላላው የሚያዋጡት ናቸው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ታሪክ ላንሳ። ስሟንም አገሩንም አልጠራም። በአንድ ኤጀንሲ በኩል «ሃምሳ በመቶ ስኮላርሺፕ» አግኝታ ሄደች። ለኤጀንሲው «የፕሮሰስ» ከፍላለች፣ ለማመልከቻ ከፍላለች፣ ለቪዛ ማማከር ከፍላለች። ቤተሰቧ ድግስ ደግሶ ሸኛት። እዚያ ስትደርስ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ስታወራ ሁሉም ሃምሳ በመቶ ስኮላርሺፕ ያገኙ ሆኑ! አንድም ሰው ሙሉውን ዋጋ የሚከፍል አልነበረም። ዋጋው መጀመሪያ በእጥፍ ተጽፎ፣ ከዚያ በግማሽ «ተቀንሶ» ነበር። ትማሪያለሽ ተብላ የሄደችው የጤና ትምህርት ሲሆን የተመዘገበችው ግን በሌላ ክፍል ሆነ። የትርፍ ሰዓት ሥራ ይገኛል የተባለው ከተማ ውስጥ ለውጭ ተማሪ ሥራ አልነበረም። ከሁለት ሴሚስተር በኋላ ተመለሰች። አሁን ወንድሟ የእሷን ዕዳ እየከፈለ ነው። ይህቺ ልጅ ሰነፍ አልነበረችም፤ ከክፍሏ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ ከመሄዷ በፊት እውነቱን የሚነግራት ጥቅም የሌለው ሰው።

የአገር ሁኔታም ከዋጋ ይቆጠራል። ዩክሬን ለብዙ ዓመታት ሕክምናና ምሕንድስና በአነስተኛ ዋጋ የሚሰጥባት አገር ተብላ ትታወቅ ነበር፤ ከ70 ሺሕ በላይ የውጭ ተማሪዎች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ጦርነቱ ሲስፋፋ ብዙ አፍሪካውያን ተማሪዎች በብርድ ድንበር ላይ ቆመው የሆነባቸውን ዓለም ሁሉ አይቷል። ሰሜን ቆጵሮስ በየማስታወቂያው ይጠራል፤ ከቱርክ በቀር ማንም መንግሥት ዕውቅና ያልሰጠው ግዛት መሆኑን፣ ልጅዎ ቢታመም ወይም ቢታሰር የሚደርስለት የኢትዮጵያ ኤምባሲ እዚያ አለመኖሩን ግን ማስታወቂያው አይጽፍም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ፣ የተማሪን ጨምሮ፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን አደረገች። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በዚህ ደንብ የሄደ ተማሪ ለእናቱ ቀብር ቢመጣ እንደገና ቪዛ መጠየቅ አለበት። ካናዳም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ተማሪ የሚያሳየውን የመኖሪያ ገንዘብ ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር አሳደገች። እነዚህ ሁሉ በየትኛውም የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ የማይታዩ ዋጋዎች ናቸው።

እውነተኛው ርካሽ በር

ለመሆኑ ርካሽ የለም ማለት ነው? አለ። ግን አገር አይደለም፤ ስኮላርሺፕ ነው። ቱርክ በመንግሥቷ በኩል የምትሰጠው የትምህርት ዕድል ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርኃዊ አበልንና የቋንቋ ዓመትን ይሸፍናል። የቻይና መንግሥትም በየዓመቱ ይሰጣል። ህንድ የድሮ አስተማሪያችን ናት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ በኋላም በርካታ የዩኒቨርሲቲ መምህሮቻችን ዶክትሬታቸውን እዚያ ሠርተዋል፤ ዛሬም የመንግሥት ስኮላርሺፕ አላት። ሀንጋሪ «ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም» የሚባለውን ዕድል ለኢትዮጵያውያን ክፍት አድርጋለች። እነዚህን ለማመልከት ደላላ አያስፈልግም።

እዚህም ቢሆን እውነቱ ሙሉውን ይነገር። የሀንጋሪው ዕድል ትምህርቱን በነጻ ያደርጋል፤ ወርኃዊ አበሉ ግን ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለብዙ ዓመታት 43,700 ፎሪንት ነበር፤ በዚህ ብቻ ቡዳፔስት ላይ መኖር አይቻልም። «ሙሉ» የተባለ ሁሉ ሙሉ አይደለም። ማንበብ ያስፈልጋል።

የመንግሥት ድርሻ

በደርግ ዘመን በሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ኩባ ሄደው ተምረዋል። ያንን ዘመን ለማሞገስ አልነሳም፤ ማን እንደሚመረጥና ለምን እንደሚመረጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ጊዜ ተደራድሮ የሚልከው መንግሥት ነበር። ዛሬ ድርድሩን የሚያካሂደው ሚኒባሱን የሚሸጥ አባት ብቻውን ነው፤ ከወዲያ ወገን ደግሞ የሌላ አገር የንግድ ተቋም ተቀምጧል።

መንግሥት ገንዘብ የለኝም ሊል ይችላል። እሺ፤ ገንዘብ አልጠየቅንም። የጠየቅነው መረጃ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር የሁሉንም አገር ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በአንድ ቦታ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፣ በወቅቱ ማውጣት ያቅተዋል? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ከውጭ የመጣን ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው ተመራቂው ገንዘቡንና ዕድሜውን ጨርሶ ከመጣ በኋላ ነው። ለምን ከመሄዱ በፊት «ይህን ተቋም እንቀበላለን፣ ያንን አንቀበልም» የሚል ዝርዝር አይወጣም? ኤጀንሲዎች ከዩኒቨርሲቲ የሚያገኙትን ኮሚሽን ለደንበኛቸው በጽሑፍ እንዲገልጹ ለምን አይገደዱም?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የተገኘውን ዕድል የሚያመልጥ ማድረጋችን ነው። የወጪ መጋራት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2003 በደንብ ቁጥር 91 ሲጀመር ዓላማው ምሩቅ ሥራ ይዞ ዕዳውን ቀስ በቀስ እንዲከፍል ነበር። በተግባር ግን ዕዳውን ያልጨረሰ ምሩቅ ኦሪጅናል ዲግሪውንና ወደ ውጭ የሚላከውን ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይንገላታል። ሥራ የለውምና አልከፈለም፤ አልከፈለምና ትራንስክሪፕት አያገኝም፤ ትራንስክሪፕት የለውምና ነጻው ዕድል ያመልጠዋል። ከዚያም ወደ ደላላው ይሄዳል። ርካሹን በር በገዛ እጃችን ዘግተን ውዱን በር እናሳያለን ማለት ነው።

የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከምናስተምር ባለ ዶክትሬቶች ብዙዎቻችን ውጭ የተማርነው በሌላ ሕዝብ ግብር ነው። የማመልከቻ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለፕሮፌሰር እንዴት ደብዳቤ እንደሚላክ፣ የትኛው ቀን እንደሚያልፍ እናውቃለን። ይህን ዕውቀት ለተማሪዎቻችን አውርሰናል? ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቀን «ራስህ ጽፈኸው አምጣ፣ እፈርማለሁ» የምንል ስንቶቻችን ነን? እኔም ብያለሁ። ፊርማዬን ለማግኘት ሦስት ቀን በሬ ላይ የቆመ ልጅ ነበረ፤ የማመልከቻው ጊዜ አልፎበታል። ያንን ልጅ ዛሬም አልረሳውም።

ከዚህ በኋላ በስብሰባ ላይ ተነስተን ስለ ምሁራን ፍልሰት ንግግር እናደርጋለን! «ወጣቱ አገሩን እየለቀቀ ነው» እንላለን፤ የራሳችንን ልጅ ግን አስቀድመን አስመዝግበናል። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚገዛው ትምህርት አይደለም፤ መውጫ ነው። «ብቻ ይውጣ እንጂ ሌላው እዚያ ይፈታል» ይባላል። ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል። የተማሪ ቪዛ የሥራ ቪዛ አይደለም። ለምሳሌ ጀርመን የውጭ ተማሪ በዓመት ሊሠራ የሚችለውን 140 ሙሉ ቀን ብላ ወስናለች። የዓመቱን ወጪ ከሥራ አገኛለሁ ብሎ የሄደ ልጅ ወይ ሕግ ይጥሳል፣ ወይ ትምህርቱን ይጥላል። ትምህርቱን ሲጥል ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይወድቃል። መውጫ የፈለገ ሰው መውጫ መፈለጉን ለራሱ ይመንና እንደ መውጫ ያስላው። በትምህርት ስም የተሰላ ስደት ሁለቱንም ያሳጣል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ለአባትየው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጅዎ እዚህ አገር፣ በመንግሥትም ይሁን በታወቀ የግል ተቋም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማርበት መቀመጫ ካገኘ፣ ከሁሉም የሚረክሰው አገር ኢትዮጵያ ናት። ጥራቱ ያማርረናል፤ እኔም እማረራለሁ። ነገር ግን ከዚህ የተነሳ ጎበዝ ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ የማግኘት ዕድሉ በ12ኛ ክፍል ወረቀት ከሚሄደው ይልቅ ሰፊ ነው። ሚኒባሷም ሥራዋን ትቀጥላለች።

መሄዱ ግድ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ይመለሱ። የሁሉም ዓመታት ክፍያ፣ ምንዛሪው እንደገና በእጥፍ ቢጨምር፣ ከየት ይመጣል? ቪዛ ከመሰጠቱ በፊት በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው ገንዘብ ስንት ነው? ቪዛው ቢከለከል ከተከፈለው ውስጥ የሚመለሰው የቱ ነው? ዲግሪው እዚህ ሲመለስ ተቀባይነት አለው ወይ? ይህን የሚነግርዎ ሰው ከማን ነው የሚከፈለው? አምስተኛው ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ኤጀንሲ ከበርዎ ይመልስልዎታል።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየትምህርት ክፍላችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት መምህራን ተራ ገብተው፣ በራቸውን ከፍተው ይቀመጡ። ወላጅም ተማሪም ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። በጀት አይጠይቅም፤ መመሪያ አይጠይቅም፤ የሚኒስትር ፊርማ አያስፈልገውም። እኔ በምሠራበት ክፍል ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ጀምረናል። በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። በአምስተኛው ሳምንት ኮሪደሩ ሞላ። ኮሪደሩ የሞላው እኛ አዋቂ ስለሆንን አይደለም። ሕዝቡ ኮሚሽን የማይቀበል ሰው ሲያጣ ስለቆየ ነው።

እኚያ አባትስ? በሁለተኛው ቀን ደወልኩላቸው። ስልኩን ያነሱት መገናኛ አካባቢ ተሳፋሪ እየጫኑ ነበር፤ ከኋላቸው የረዳቱ ጩኸት ይሰማል። «ዶክተር፣ ቀብዱን አልተቀበልኩም» አሉኝ። «እርስዎ ላስብበት ሲሉኝ፣ እርስዎ ያልተቻለዎትን እኔ ምን አውቄ እወስናለሁ ብዬ ተውኩት።» ምስጋናው ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ አሳፈረኝ። ሚኒባሷን ያዳናት ምክሬ አልነበረም፤ ማመንታቴ ነው። የእርሳቸውን ያህል ያላመነቱት፣ ማንንም ሳይጠይቁ የሸጡት ስንት ይሆኑ?

ቸር ይግጠመን።